ከብት የተነዳለት ሜዳ

የደም ግፊቴን የምትለካው ልጅ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ «እማማ፣ መናደድ ይተው።» ኪኒኑን ተቀብዬ፣ ምክሯን እዚያው ትቼላት እወጣለሁ። ሰማንያን ያለፈ ሰው ጥርሱ ረግፎ፣ ዐይኑ ደክሞ፣ ጉልበቱ ከድቶት ምን የቀረው ነገር አለና ንዴቱን ይተው? አርባ ዓመት ጎንደር ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ፤ ተማሪዎቼ ከኋላዬ «በርበሬ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ስሙ ሐሰት የለበትም። በርበሬ የሆንኩበትን ምክንያት ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በግዝት የታሰረ ነገር ነበር። ዛሬ ልናገረው ነው፤ የሚከፋው ካለ ይክፋው።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ ሽማግሌ ነው። ባለፈው ወር ፒያሳ ካለው ክሊኒክ በረንዳ ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ካፖርት ደርቦ ከዘራ የያዘ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ዐይኑን ከፊቴ አልነቅል አለ። ልቆጣው አፌን ስከፍት ቀደመኝና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የይርጋ እኅት አይደሉም? አስተማሪዋ?» አለኝ። ይርጋ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አብራሪ ለመሆን ሲማር በጃንሆይ ጊዜ የሞተ። ስሙን ከባዕድ አፍ ከሰማሁ ስልሳ ዓመት ሊሞላ ነው። ሰውየው ደጀኔ እባላለሁ አለ። ከይርጋ ጋር አብረው ሲማሩ ኖረው፣ እሱ ሻምበል ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። ልጁ እዚህ አግብታ ሊጠይቃት መጥቶ ነው። ይርጋ በሞተበት ቀን ከፊት የነበረችውን አውሮፕላን ያበር የነበረው እሱ ነው።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ተቃቅፈን በተላቀስን ነበር። እሱ ግን ቀጠለ። የድሮ ጓደኞቻቸው ኮሚቴ አቋቁመው፣ በልምምድ ላይ ለሞቱ አብራሪዎች ሐውልት እያሠሩ ኖሯል። የሁሉም ስም በድንጋይ ላይ ይቀረጻል። «የይርጋስ?» አልኩት። ከዘራውን ማሻሸት ጀመረ። «የእሱ እንኳ... መዝገቡ ያስቸግራል። ትእዛዝ ጥሶ ዝቅ ብሎ ሲበር ነው የሞተው ይላል። ኮሚቴው ሐውልቱ በግዳጅ ላይ ለሞቱት ነው አለ። ይርጋ ወርቅ ልጅ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ለእናቴ ልታይ ብሎ...» አልጨረሰም። ከዘራውን ነጥቄ እዚያው ብመታው ደስታዬ ነበር። «ነገ በአራት ሰዓት ማዶ ካለው ካፌ ይምጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይምጡ» አልኩት። የዚያን ቀን ልጅቷ የደም ግፊቴን ለክታ ምክሩን ተወችው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙ ይሻላል፤ ሞኝ ይሞታል። የወንድሜን ስም ስልሳ ዓመት አንቆ የያዘው ያ ወረቀት በምን ቀን፣ በማን አፍ እንደተጻፈ እኔ አውቃለሁ። እዚያ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ፒያሳ ፒያሳ ነበር። ዛሬ መስተዋትና ቆርቆሮ የለበሱት ፎቆች ባሉበት፣ ጣልያን የሠራቸው ቤቶች ቢጫቸው ሳይለቅ፣ የእንጨት መስኮታቸው ሳይወላልቅ ቆመው ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ የጎንደር ወጣት ከፖስታ ቤቱ ደረጃ እስከ ፋሲል ግቢ አጥር ድረስ ይመላለሳል፤ ሽርሽር ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ማኪያቶ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ከኬክ ጋር በሃያ አምስት። የሴቱ ጉርድ ቀሚስ ከመጥበቡ የተነሣ የመንገድ ቦይ መሻገር ሲያቅተን ወንዶቹ እጅ ይሰጡናል፤ የጠበበውም ለዚሁ ይመስለኛል። እኔ ቡናማ ታኮ ጫማ ነበረኝ፤ ከሳምንት ደሞዜ በላይ የፈጀ። እሱን ተጫምቼ ስሄድ አስፋልቱ የታኮዬን ድምፅ ተቀብሎ ይመልሰዋል። ካፌው ውስጥ ሸክላ ይዞራል፤ ሄዶ ደብዳቤ ስላልጻፈ ሰው የሚዘፈን ዘፈን ነበር፤ ሴቱ ሁሉ የራሱ ሰው የቀረበት ይመስል ያዝናል። አሁን እዚያው ቦታ የሞባይል መሸጫ አለ፤ ድምፅ ማጉያው በር ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። አልፌው ስሄድ ጆሮዬን እይዛለሁ፤ ልጆቹ ይሥቁብኛል።

በዚያ በአንዱ እሑድ ይርጋ መጣ። ለልምምድ አዘዞ ካለው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ለጥቂት ቀን አርፈው ኖሮ የከሰዓት ፈቃድ አግኝቶ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሰማያዊ የደንብ ልብስ፣ ያዘመመ ቆብ፣ መስተዋት የመሰለ ጫማ። ሊስትሮዎቹ ጫማውን ሊጠርጉ ተጣሉበትና የጠረገው ልጅ ሳንቲም አልቀበልም አለ። ክንዱን ይዤ ፒያሳን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። የማውቀውን ሁሉ፣ የማላውቀውንም ጭምር «ወንድሜ ነው» እያልኩ።

ከተቀመጥን በኋላ «እታለም፣ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት በእኛ አገር ላይ ነው የማልፍ» አለኝ።

«በጽድ አምባ ላይ?»

«ልክ በላዩ። ከአዘዞ ተነሥተን ወደ ሰሜን ነው። ለእማ ንገሪያት፤ ከግቢዋ ሁና ቀና ትበል።»

ማኪያቶውን ሲያማስል ቆየ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «ሌላም ነገር አለ። የኔዪቱ አውሮፕላን ሳል ይዟታል።»

«የምን ሳል?»

«ሽቅብ ስወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ነግሬያቸዋለሁ። ለመፈታታት ጊዜ የለም አሉ።»

«ምነው ታዲያ አልበርም አትላቸው?»

ሣቀ። «ጦር መጣ በተባለበት ሰሞን አልበርም ያለ ምን ይባላል እታለም? ደግሞ አትስጊ። ብቸገር የከብት ሜዳችን አለልኝ። ከአዘዞ ወዲያ እንደሱ የተስተካከለ መሬት አላየሁም። ብቻ ሐሙስ ባዶ ይሁን። ከብትም ሰውም እንዳይኖርበት ለአያ ተገኘ ንገሪው።»

ከብትም ሰውም። እንዲህ ነው ያለኝ፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያን ዘመን በምሥራቅ በኩል ጠረፉ ታምሶ፣ ራዲዮኑ ማርሽ ብቻ ይጫወት ነበር። ማሠልጠኛው ረጅሙን ትምህርት አሳጥሮ ልጆቹን ያጣድፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እነሱ ያፈሰሱትን እንኳ ጎንበስ ብለው አልለቀሙም። ጠላት የሚባለውን በዐይናቸው ሳያዩ ስንቱ ልጅ ተራራ ላይ ቀረ! አንዱ በጭጋግ፣ አንዱ በሞተር፣ አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ባደረበት ድካም። የእናቶቻቸው ልቅሶ የሚሰማው በየመንደሩ ስለሆነ አንድ ላይ ተደምሮ የሰማው የለም።

ማክሰኞ ከዳይሬክተሩ ፈቃድ ወስጄ ስኳር በጫነች ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ከሾፌሩ ጎን ተሳፈርኩ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ያለው ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ጉልበቴን ይቆርጠዋል። ዳባት ምሳ በልተን ጥቂት እንደሄድን ወረድኩና በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ያዝኩ። ታኮ ጫማዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በሸራ ጫማ ተጓዝኩ፤ መንደሩ ሲቃረብ ከአንድ ጽድ ሥር ተቀምጬ ታኮውን መልሼ ተጫማሁ። ይህን የምነግራችሁ የዚያን ቀን ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁ ነው።

ጽድ አምባ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ ያበቅላል። የቤቶቹ መጨረሻ ላይ ሰፊ የከብት ሜዳ አለ፤ ጥምቀት የሚወጣበት፣ ጉግስ የሚጋለብበት። በሦስት ወገን እርሻ ነው። በአራተኛው ወገን ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደል ነው፤ ታቹ ሲታይ ራስ ያዞራል። እናቴ ባል የሞተባት ሴት ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ የጭቃ ሹሙ አያ ተገኘ ድንበሯን ገፍቶ የባቄላ ማሳዋን ግማሽ ወሰደ። ጠላ ጠምቃ ገበያ ስለምታወርድ የመንደሩ ሴቶች «ጠላ ሻጯ» ይሏታል እንጂ በስሟ አይጠሯትም ነበር። ልጆቿን ያስተማረችው በዚያ ጠላ ነው።

ስነግራት መደቡ ላይ ቁጭ አለች። «በላዬ ላይ? በዚች ቤት ላይ?» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ብቻዬን ላየው ነው? እንዴት ሁኖ! እንግዳ መጥቶ ብቻዬን ስቀበለው ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከመምሸቱ በፊት ግቢው ሰው ሞላው። አያ ተገኘ ራሱ መጣ፤ ከአባቴ ተዝካር ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም ነበር።

«ልጃችን በሰማይ ይመጣል አሉኝ» አለ። ልጃችን!

«ይመጣል አያ ተገኘ። ሜዳው ላይ ከብት እንዳይኖር ብሏል።»

«ሸጋ። ከብቱን ወዲያ ማዶ አስነዳዋለሁ። ሰውሳ? ሰዉ የት ሁኖ ይየው?»

እናቴን አየሁ። ከኋላው በር ላይ የተኮለኮሉትን ሴቶች አየሁ፤ ጠላ ሻጯ የሚሉትን። እንደዚያ አንገታቸውን ሰብረው አይቻቸው አላውቅም። «ሰውማ ይውጣ እንጂ!» አልኩ። «ሁሉም ወጥቶ ይየው።»

ይህን ነው ያልኩት። ሳሉን ረስቼው አልነበረም። ከላይ አልፎ ይሄዳል እንጂ ይወርዳል ብዬ አላሰብኩም። እንዲህ ያልኩት የናቁን ሁሉ አንገታቸው እስኪታመም ወደ ላይ እንዲያዩ ፈልጌ ነው።

ረቡዕ ቀን ሙሉ ደብሩ በሥራ ዋለ። ከብቱ ገደሉን ዞሮ ወደ ማዶ ተነዳ። ወንዶቹ ድንጋዩን ለቀሙ፤ ሴቶቹ እበቱን ጠረጉ። ከምንጩ ዳር ቄጠማ ታጭዶ መሃል ሜዳው ላይ ተጎዘጎዘ። ለይርጋ ከዚያ የበለጠ የተዘጋጀ ማረፊያ በአዘዞም አይገኝ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ያንን ያጸዱትን ሜዳ ራሳቸው ሞሉት። በእኛ አገር እንግዳ ከዳር ቆመው አይቀበሉትም፤ መንገዱ ላይ ወጥተው፣ መሃል ገብተው ነው። ካህናቱ ጥላና ከበሮ ይዘው፣ ሴቱ ነጭ ለብሶ፣ ፈረሰኛው ጎፈር አጥልቆ። እናቴን ከመሃል፣ ከቄጠማው ላይ አቆሟት። አያ ተገኘ በፈረስ ሆኖ ሰዉን ያሰልፋል።

መጀመሪያ አንዷ መጣች፤ ከፍ ብላ፣ በፀሐይ ብልጭ እያለች ወደ ሰሜን አለፈች። እልልታው ቀለጠ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛዋ በዳባት በኩል ብቅ አለች፤ ዝቅ ብላ። ከኋላዋ ቀጭን ጥቁር ጭስ ነበር። ድምጿ ይቆራረጣል። ያኔ ገባኝ። ይርጋ አንድ ጊዜ ሜዳውን ዞረ፤ ልቀቁልኝ ማለቱ ነበር። የእኛ ሰው የሚያውቀው መዞር ግን የፈረሰኛን ነው፤ ፈረሰኛ ሹም ፊት ሲደርስ ዞሮ ነው እጅ የሚነሣው። «ሰላምታ ሰጠን!» አለ አያ ተገኘ። ፈረሰኞቹ ሊመልሱለት ጋለቡ። ከበሮው ተመታ። ከዳር የነበሩትም ወደ መሃል ሮጡ።

እኔም ሮጥኩ። «ልቀቁ! ሜዳውን ልቀቁ! ሊያርፍ ነው!» እያልኩ ጮህኩ። በእልልታው መሃል ማን ይሰማኛል? አንዲት ሴት አቅፋ ሳመችኝ፤ በደስታ የምጮህ መስሏት። ታኮዬ ተሰብሮ ወደቅሁ፤ ከወደቅሁበት ቀና ስል በላያችን ላይ ደርሷል። ጎማዎቹ ከጎጆ ክዳን አይርቁም ነበር። ጭንቅላቱን አየሁ። ሞተሩ ዝም ብሏል፤ የሚሰማው የንፋሱ ፉጨት ብቻ ነበር። ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አደረጋት። እንዴት እንዳደረጋት አላውቅም፤ ጉልበት አልነበራትም። በእናቴ ራስ ላይ አለፈ፤ የነጠላዋ ጫፍ ተነሣ። በፈረሶቹ ላይ አለፈ። ገደሉን አለፈና ከዐይናችን ተሰወረ። እናቴ ነጠላዋን እያውለበለበች ነበር። ድምፁ እስኪመጣ ድረስ እያውለበለበች ነበር።

ወንዶቹ በመጫኛ ገደሉን ወርደው በጋቢ ተሸክመው አወጡት። ስለዚያ ሌላ አልናገርም።

ገና ለቅሶው ሳይረጋ፣ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተሰበሰቡ። ይርጋ የዞረው ልቀቁልኝ ሲል እንደነበር አያ ተገኘም ገብቶታል። «የመንግሥት አውሮፕላን ነው» አለ። «በእኛ ጠንቅ ወደቀ ከተባለ ደብሩ አመድ ነው። ሜዳው ላይ ማን ሰበሰባችሁ ሲሉ ማንን እንሰጣለን? የሞተውን አናስነሣው።» እንዲህ ሲል አየኝ። ያላየኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ድምጿ በልቅሶ ተዘግቶ ነበር፤ በሹክሹክታ ነው የተናገረች፤ «አንድ ልጄን ገደል ወሰደው። ደብሩን እኔ ገደል አልከተውም። ልጄንም አልሰጥም።» ሁለተኛዋ ልጅ እኔ ነኝ። ቄሰ ገበዙ መስቀሉን አነሣ። «ይህን ነገር ለመንግሥት ሰው የተናገረ እንደ ይሁዳ፣ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን!» ሕዝቡ «ይሁን!» አለ። እኔም «ይሁን» አልኩ።

በማግሥቱ ሁለት መኮንኖችና አንድ ጸሐፊ መኪናቸውን አውራው መንገድ ላይ አቁመው በበቅሎ መጡ። የታጠፈ ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ነበር፤ አስከሬኑን ሊያለብሱበት። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ የተስማሙበትን ቃል ሰጡ፤ ለእናቱ ሊታይ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን እየነቀነቀ ሲጫወት ገደሉ መታው። ባለ ጥቁር መነጽሩ መኮንን ሁለተኛ አልጠየቀም። ጭስ ነበረው ወይ አላለም። ድምፁ እንዴት ነበር አላለም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ መልሱን የሚያውቅ ተማሪ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሰውየው ደስ ብሎት ነበር! መዝገቡን ዘጋ፤ «ትእዛዝ ጥሷል ማለት ነው» አለ፤ ሰንደቁን እንደታጠፈ ወደ በቅሎው አስመለሰው። ወንድሜ በእናቴ ጋቢ ተገንዞ ተቀበረ። ጥይት አልተተኮሰለትም፤ ጡሩምባም አልተነፋለትም።

በሰልስቱ ከማዶ መንደር የመጣች አልቃሽ ደረት እያስመታች እንዲህ አለች፤

በሰማይ ሲጫወት እናቱ ልታየው፣
ገደሉ ከናቱ ቀድሞ ተቀበለው።

ግጥሙ ያማረ ነውና ተሰራጨ። ዳባት ገበያ ሰማሁት። ዓመት ሳይሞላ አንድ አዝማሪ እዚሁ ጎንደር ጠጅ ቤት ውስጥ በመሰንቆ ሲለው አልፌ ሄድኩ። «ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ» እያሉ ተማሪዎቼ በወንድሜ ሲተርቱ፣ ክፍል ውስጥ ሲያነሡት፣ ዝም አልኩ። ተማሪ ግን ባረፈደ ቁጥር እሳት እተፋ ነበር። እናቴ ሞተች፤ አያ ተገኘ ሞተ፤ ቄሰ ገበዙ ሞተ። በየሞታቸው ሄጄ አለቀስኩ፤ ደግሞም ተናደድኩባቸው።

ከሻምበሉ ጋር በተቀጣጠርንበት ቀን ማለዳ ለንስሐ አባቴ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። «ግዝት በካህን ይፈታል፤ ልፍታልሽ» ብለው አንገቴ ላይ መስቀል አሳረፉ፤ ጸሎት ደገሙ፤ አለቀ። ማኪያቶ እስኪቀዳ ድረስ እንኳ አልፈጀም። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ በራሴ ላይ የተነሣብኝ ንዴት ሌላውን ሁሉ አስናቀው። ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቄስ መጠየቅ አቅቶኝ ነበር? አቅቶኝ አይደለም፤ ተመችቶኝ ነው። ግዝቱ ደብሩን ከመንግሥት ሸሸገ፤ እኔን ደግሞ ከወንድሜ ሸሸገኝ።

ሻምበል ደጀኔ በሰዓቱ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳሉን፣ ጭሱን፣ ሜዳውን። ሲሰማኝ ቆይቶ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«በራዲዮ ሰምቼዋለሁ» አለ። «ሞተሩ ጠፋ አለ። ላርፍ ነው አለ። ከዚያ ‹ሜዳው ሰው ነው› አለ። ሁለት ጊዜ። የምን ሰው እንደሆነ አላወቅሁም። ስንመለስ ለአሠልጣኛችን ነገርኩት። ‹ምንም አልሰማህም› አለኝ። ያቺን አውሮፕላን ትብረር ብሎ የፈረመ እሱ ነበር። ‹አልሰማሁም› አልኩ። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። በዚያ ወገን አንድ ውሸት፣ በዚህ ወገን አንድ ውሸት፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ መጥተው በወንድሜ ሬሳ ላይ ተጨባበጡ።

«ሃያ አንድ ዓመትህስ ይሁን» አልኩት፤ አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «ሠላሳ ዓመት ሲሆንህስ? ሻምበል ስትሆንስ? ጡረታ ስትወጣስ? ትናንትና በረንዳ ላይ ‹ለእናቴ ልታይ ብሎ› ስትለኝስ? የሰማህበትን ጆሮ የት ጥለኸው ነው?»

አቀረቀረ። ከዚያ ቀና አለ። «አንቺስ?» አለኝ።

ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁለት።

«ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። ፊደሉ የድሮ ትምህርት ቤት ነው፤ ያምራል። ስለ ሞተሩ የሰማውን፣ ስለ አሠልጣኙ፣ ስለ ራሱ ዝምታ ጻፈ። ከዚያ እኔ ያየሁትን እየነገርኩት ጻፈ። ሰው ይውጣ ወዳልኩበት ስንደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይህን እንተወው» አለ በለሆሳስ። «የሞተሩ ነገር ለኮሚቴው ይበቃል። በዚህ ዕድሜዎ ምን ይጠቅምዎታል? ማንስ ይጠይቅዎታል?»

«ማንም ስላልጠየቀ አይደል እዚህ የደረስነው!» ብዬ ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። በራሴ እጅ ጻፍኩ። «ከብትም ሰውም እንዳይኖር ይርጋ ነግሮኝ ነበር። ሰው ይውጣ ያልኩ እኔ እኅቱ ነኝ። ወንድሜ ማረፊያ እያለው በሰው ላይ አላርፍም ብሎ ሞተ።» ፈረምኩ። እሱም ፈረመ። ስንለያይ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ከለከልኩት። ይቅር አላልኩትም። እሱም ይቅር አላለኝም መሰለኝ።

ትናንት ከኮሚቴው አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ድምጿ የደስ ደስ አለው። «እንኳን ደስ አለዎት እማማ! የወንድምዎ ስም በሐውልቱ ላይ እንዲገባ ተወስኗል» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ዕንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። ልጅቷ ስለ ምረቃው መናገር ጀመረች። ለቤተሰብ ምንጣፍ ተዘጋጅቷል፤ የሙዚቃ ጓድ ይኖራል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ይመጣሉ። «የአካባቢው እናቶችም ነጭ ለብሰው፣ ከሐውልቱ ፊት፣ መሃል ሜዳው ላይ በእልልታ ይቀበሉዎታል» አለች።

«መሃል ሜዳው ላይ?»

«አዎ እማማ። ሕዝቡ በሙሉ።»

«ልጄ፣ ሰዉን ወደ ዳር አድርጉልኝ» አልኳት።

«አልገባኝም እማማ።»

«ሜዳው ባዶ ይሁን። ከብትም ሰውም እንዳይኖርበት። ወንድሜ ብሏል በያቸው።»